ሰላምታ ያልቀደመው ደብዳቤ

ከሰዓት በኋላ፣ ጉሙ ከሸለቆ ተነሥቶ የሰቆጣን ቆርቆሮ ጣሪያዎች መዳሰስ ሲጀምር፣ ዘመናይ ዐይኗ እንደ ተከፈተ ሕልም ታያለች። ሕልሙ ሁልጊዜ ያው ነው። መስኮት የሌለው ሰፊ አዳራሽ አለ፤ በውስጡ እሷ የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ጋቢ ተከናንበው፣ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ስማቸው እስኪጠራ ይጠብቃሉ። የሚጠራቸው የለም። እነሱም የዋግ ደብዳቤዎች ናቸውና ሳይጠሩ ተነሥተው አይገቡም። ከዚያ አንዱ መጥቶ "ቻርጀር አለሽ?" ብሎ በሩ ላይ ይቆማል፤ አዳራሹም ይጠፋል።

ሥራዋ ቻርጀር መሸጥ፣ ስልክ መጠገንና ፎቶ ኮፒ ማንሣት ነው። ወልድያ ኮምፒውተር ተምራ ተመልሳ፣ መናኸሪያው አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይታ ትሠራለች። ከጦርነቱ በፊት ከደሃናም ከሰሃላም ከኒሯቅም ወደ ዐረብ አገር የሚነሣ ልጅ ሁሉ እሷ ዘንድ ይቆም ነበር። አዲስ ስልክ ያለ ኢሜል አልከፈትም ይላል፤ ልጆቹ ደግሞ ኢሜል ምን እንደ ሆነ አያውቁም። ስለዚህ እሷ ታወጣላቸውና በሰማያዊ ደብተሯ ትመዘግበዋለች፤ ስም፣ የወላጅ ቀበሌ፣ የሚሄድበት አገር፣ አድራሻ። የይለፍ ቃላቸውን ግን አንድም ቀን ጽፋ አታውቅም። በዚህ ትኮራለች፤ ይገባታልም።

ከዚያ ስልክ የጠፋበት ዘመን መጣ። ስልኩ ሲመለስ ቁጥሮቹ አልተመለሱም። የእናቶቹ ሲም ካርድ ወይ ተዘግቷል፣ ወይ በሽሽት ወድቆ ቀርቷል። የተረፈው በማሽላ ጆንያ ውስጥ ተደብቆ የከረመው ሰማያዊ ደብተር ነበር፤ መቶ አርባ ሦስት ስም ከነአድራሻው። ዘመናይ ሦስት ወር ደክማ አንድ ድረ ገጽ ሠራች። እናት ትናገራለች፣ ዘመናይ ትጽፋለች፣ አንድ ቁልፍ ስትነካ ደብዳቤው ለልጁ በኢሜል ይሄዳል። ድረ ገጹ የሚቀመጥበትን ሰርቨር ከባሕር ማዶ በርካሽ አግኝታ ተከራየችው። ርካሽነቱ ያን ጊዜ ደስ ብሏት ነበር።

በገበያ ቀን እናቶቹ ከበሯ እስከ መንገዱ ይሰለፋሉ። አንዷ በአማርኛ፣ አንዷ በኽምጣና ትናገራለች፤ የሁሉም ደብዳቤ አጀማመር ግን አንድ ነው። "ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኛ አምላክ ይክበር ይመስገን፣ ከናፍቆትህ በስተቀር ምንም አልሆንንም።" ከዚያ የጎረቤቱ ሰላምታ ይከተላል፣ ከዚያ የክርስትና አባቱ፣ ከዚያ የማኅበሩ። ጉዳዩ የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ ብዙ ጊዜም ጉዳይ የሚባል የለም። በሰባት ወር ውስጥ ከመቶ አርባ ሦስቱ መልስ የሰጡት አራት ብቻ ናቸው።

ወይዘሮ ይመኙሻል ከደሃና ገጠር በጥቅምት ሲመጡ ሰባት ደብዳቤ አስጽፈው ነበር። ልጃቸው ጌታሰው ጂዳ ከሄደ አምስት ዓመቱ ነው። በዚያ ስልክ በሌለበት ዘመን ባላቸው በሕመም አረፉ፤ ጌታሰው ይህን አያውቅም። በርጩማው ላይ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጠፉ።

"ለሰባት ደብዳቤ ዝም የሚል ልጅ አልወለድኩም" አሉ። "ወንድሜ ትእዛዙ ቀን ቆርጧል። ከኅዳር ሚካኤል በኋላ ባለው ቅዳሜ እርም እናወጣለን።"

ዘመናይ እጇ ላይ የያዘችውን መፍቻ አስቀመጠች። "በሕይወት ቢኖርስ፣ እናቴ?"

"እሱን ነው የምልሽ። ልብሱን ዘርግቼ፣ ደረቴን መትቼ ካለቀስኩለት በኋላ ቢመጣ በምን ዐይኔ አየዋለሁ? በወንድሜ አልፈርድበትም። ሞቶ ከሆነ ያለ ፍታት ማስቀረት ነውር ነው ይላል፤ እውነቱን ነው። ቀኑ አንድ ወር አይሞላም። አንቺ ደብዳቤዬ ደርሶ እንደ ሆነ ብቻ ንገሪኝ።"

ዘመናይ ኮምፒውተሩን አየች። በሰባቱም ደብዳቤዎች ፊት "ተልኳል" የሚል ቃል አለ። ሰባት ወር ሙሉ ያንን ቃል "ደርሷል" እያለች ስታነብበው እንደ ኖረች ገባት፤ አፈረችም። "ሦስት ቀን ይስጡኝ" አለች። ይመኙሻል ሰቆጣ ያለች የእኅታቸው ልጅ ዘንድ አደሩ።

ያንኑ ቀን አንዱን ደብዳቤ ለብዙነህ ላከችው። ብዙነህ አብሯት የተማረ፣ አሁን ባሕር ዳር በዚሁ ሥራ የሚኖር፣ መልስ ሲሰጥ መሳቅ የሚቀናው ሰው ነው። ደወለላት።

"አገኘሁት። ግን የት እንዳገኘሁት ጠይቂኝ።"

"የት?"

"ስፓም ውስጥ። ቆሻሻው ክፍል። ሎተሪ ደርሶሃል ከሚሉት ሌቦች ጋር ተቀምጦ 'ለጤናህ እንደምን ከርመሃል' ይለኛል" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወ። "ስሚ፣ ይህ የተከራየሽው ሰርቨር ካንቺ በፊት አጭበርባሪ ነበረበት። አድራሻው በየቦታው በሌባ መዝገብ ተጽፏል። ደግሞ በገበያ ቀን ነው የምትልኪው አይደል? በአንድ ሰዓት ውስጥ መቶ ደብዳቤ፣ አጀማመሩ ሁሉ አንድ ዓይነት። በር ጠባቂው ማሽን ነው፤ እናትና ሌባ አይለይም።"

ማሽን ልብ የለውም ይባላል። እኔ ግን ልብማ አለው ባይ ነኝ፤ ተጠራጣሪ ልብ። መቶ እናቶች በአንድ ቀን፣ በአንድ ቃል ልጆቻቸውን እንዴት ከረማችሁ ሲሉ፣ ያ በር ጠባቂ ይህን ያህል ሰው እንዴት አንድ ዓይነት ናፍቆት ይኖረዋል ብሎ ጠረጠረ። የዋግን ሰው አያውቅማ። ባሕር ማዶ የቤቱን ደጅ ሳይጠሩ የሚገቡ ሰዎች የሠሩት ማሽን ነው።

"እና ምን ይሻላል?"

"አስተላላፊ ያዢ። ሪሌይ ይሉታል። ስሙ የተከበረ አገልግሎት ነው፤ ያንቺ ሰርቨር ደብዳቤውን ለእሱ ይሰጣል፣ እሱ በራሱ በር ይዞ ይገባል። በሩን የሚጠብቁት ያውቁታል። በቀን መቶ ድረስ በነጻ ነው። ካንቺ የሚፈለገው በድረ ገጽሽ ስም ላይ ሁለት መስመር መጻፍ ነው፤ አንዱ 'በስሜ እንዲናገር ፈቅጄለታለሁ' የሚል፣ ሌላው ማኅተሙ። ማንም ሊያየው በሚችልበት ቦታ ነው የሚጻፈው። ከሰርቨሩም በሃያ አምስት ቁጥር በር አትላኪ፤ እሱ ተዘግቷል። አምስት መቶ ሰማንያ ሰባት በይው።"

ዘመናይ ሁሉንም በወረቀት ጻፈችው። አስተላላፊው ከመቀበሉ በፊት ፎርም አስሞላት። ምን ዓይነት መልእክት ነው የምትልኪው? ማስታወቂያ፣ ደረሰኝ፣ ማሳሰቢያ የሚሉ ምርጫዎች ነበሩ። ከታች "ሌላ" የሚል አገኘችና "የእናቶች ደብዳቤ" ብላ ሞላች። ከዚያ መብራት ጠፋ። ሲመጣ ጉሙ በሩ ላይ ነበር፤ አዳራሹም ተመልሶ መጣ። በዚህ ጊዜ ግን በግድግዳው መካከል ጠባብ በር አየች፤ ከበሩ ውጭ አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ቆሟል፤ ፊቱ አይታይም። በማግስቱ የአስተላላፊው ፈቃድ መጣላት።

በሦስተኛው ቀን ይመኙሻል በርጩማቸው ላይ ተመለሱ። ዘመናይ በጥንቃቄ ጀመረች።

"እናቴ፣ ዛሬ ሰላምታውን እንተወው።"

"ምኑን?"

"ሰላምታውን። ከሌሎቹ ደብዳቤዎች ጋር ስለሚመሳሰል በር ላይ ይጥሉታል። ሌላ ሰው የማይናገረውን፣ የእርስዎን ብቻ ይናገሩ።"

"ለልጄ ሰላም ሳልለው?" ነጠላቸውን ፈትተው እንደ ገና አጠፉት። "ከሰው ቤት ዘሎ እንደ መግባት ነው፣ ልጄ። እናቱ ያበደች ይመስለዋል።"

"ካበዱ ቶሎ ይመልስልዎታል።"

ይመኙሻል ሳቁ፤ ከተዋወቁ ወዲህ ሲስቁ ስታያቸው የመጀመሪያዋ ነበር። ከዚያ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው፣ ጌታሰው ውጭ ጉሙ ውስጥ የቆመ ይመስል፣ በኽምጣና ተናገሩ። ዘመናይ በአማርኛ ጻፈችው።

"ጌታሰው። ቀዳዳውን ኮትህን አጎትህ ከሣጥን አውጥቶታል። ከሚካኤል በኋላ ባለው ቅዳሜ ሊያለቅሱብህ ነው፤ እኔም ጭምር። ሞተህ ከሆነ ዝም በል። በሕይወት ካለህ ግን ተቆጣኝ።"

ዘመናይ ጽፋ ቀና አለች። "ስለ አባቱስ?"

"አትጻፊ።" ድምፃቸው ጠነከረ። "መርዶ በወረቀት አይላክም። በሰባቱም አልጻፍሽም፣ በዚህም አትጻፊ።"

ላከችው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በአስተላላፊው ገጽ ላይ አረንጓዴ ቃል መጣ።

"ደርሷል" አለች፤ በዚህ ጊዜ እውነቷን ነበር።

"ማን ተቀበለው?"

"ሣጥኑ።"

"ሣጥኑ ሰው ነው?"

"አይደለም፣ እናቴ። ሣጥኑን ጌታሰው ሲከፍተው ነው የሚያየው።"

"እንግዲያው ገና አልደረሰም" አሉና ተነሥተው፣ የዘመናይን ትከሻ ስመው ወደ ደሃና የሚሄደውን መኪና ሊይዙ ወጡ።

ቀጥለው የመጡት ሳምንታት እንግዳ ነበሩ። የሌሎቹ እናቶች ደብዳቤዎች በአስተላላፊው እጅ ሄደው መልስ ያመጡ ጀመር። ከሪያድ መጣ፣ ከቤሩት መጣ፣ ስሙን ከማታውቀው ከተማ መጣ። አንዲት እናት ሱቁ ውስጥ እልል ብላ ፎቶ ኮፒ የሚያስነሣውን ሰውዬ አስደነገጠችው። ዘመናይ በየቀኑ አንድ ስም ብቻ ትፈልጋለች። ሚካኤል አለፈ። ጌታሰው ዝም አለ። ሞተህ ከሆነ ዝም በል የሚለውን ዓረፍተ ነገር በገዛ እጇ ስለ ጻፈችው አዘነች።

ዓርብ ጠዋት አንድ ደንበኛ ከወንድሙ የተላከለት ሰነድ እንደ ጠፋበት ሊነግራት መጣ። "ስፓም ውስጥ ይሆናላ" አለችው፤ ያለ ሐሳብ። ሰውዬው ከፈተው፤ እዚያው ነበር። እያመሰገናት ሲወጣ ዘመናይ ባለችበት ደንዝዛ ቆመች። የሰውን በር ጠባቂ ወር ሙሉ ስትራገም የራሷን አንድም ቀን አላየችም ነበር።

ከፈተችው። ከስድስት ቀን በፊት የመጣ ነው። ከጌታሰው። ማሽኑ ሌሎቹን አሳልፎ እሱን ለምን እንደ ጣለው የሚያውቅ የለም፤ ማሽን ምክንያቱን አይናገርም። ዘመናይ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ከዚያ ልታትም ስትል መብራት የለም። እስክሪብቶ አንሥታ ከስልኳ እያየች ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች በእጇ ገለበጠችው፤ ረጅም ስለ ነበር ሦስት ገጽ ወሰደባት። ይመኙሻል ባሉበት መንደር ስልክ አይሠራም። ሱቋን ቆልፋ፣ ሰማያዊውን ደብተር በቦርሳዋ ከትታ፣ እህል በጫነ አይሱዙ ላይ ወጣች። በደሃናዋ ከተማ በአምደወርቅ አደረች።

ቅዳሜ ማለዳ ከአምደወርቅ በእግሯ ወጣች። ጉሙ ሸለቆውን እስከ አፉ ሞልቶት፣ ተራሮቹ በላዩ የሚንሳፈፉ ይመስሉ ነበር። መንገድ ያሳየቻት አህያ የምትነዳ ሴት ከፊቷ ትጠፋለች፤ ደግሞ የአህያዋ ጆሮ ብቻ ይታያል። ዘመናይ የራሷን እግር አታይም ነበር። ሕልሙ ውስጥ ያለች፣ ግድግዳ ተደግፋ ስትጠብቅ ኖራ አሁን ተነሥታ የምትሄድ መሰላት። ሦስት ሰዓት ያህል እንደ ሄደች ለቅሶውን ሰማችው። ሰው ሳይታይ ድምፁ ቀድሞ ከጉሙ ወጣ።

ግቢው ሞልቷል። በመካከል አልጋ ላይ ቀዳዳው ኮት ተዘርግቷል። ይመኙሻል ወገባቸውን በነጠላ ታጥቀው፣ ሁለት ሴቶች ደግፈዋቸው ቆመዋል። ዘመናይ ወረቀቱን ከፍ አድርጋ "በሕይወት አለ! ጌታሰው በሕይወት አለ!" ብላ ጮኸች። በለቅሶ ቤት እንዲህ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ኀዘን ያናወዘው ወይም የታመመ ነው። ዘወር ብሎ ያያት ጥቂት ሰው ነው።

አቶ ትእዛዙ በዱላቸው ተደግፈው መጡ። "አንቺ ማነሽ?"

"ዘመናይ ነኝ፣ ከሰቆጣ። ደብዳቤ የምጽፈው።"

"ማን ላከሽ?"

"ማንም። ራሴ መጣሁ።"

ወረቀቱን ተቀብለው አገላበጡት። "ይህ ያንቺ የእጅ ጽሕፈት ነው።"

"አዎ፤ መብራት ስላልነበረ…"

"ልጄ፣ እኅቴን ለማጽናናት ብለሽ ከሆነ እግዜር ይስጥሽ። ግን በሐሰት አናጽናናትም" አሉ፤ ክፋት ሳይኖርባቸው። ወረቀቱን መለሱላትና ፊታቸውን አዞሩ።

ዘመናይ ላብና ጉም ባንድ ላይ እየወረዳት ቆመች። ከዚያ ዐይኗ በጥምጥማቸው የለየቻቸውን መሪጌታ ገብረ ሊባኖስን አገኘ። ጌታሰውን ዳዊት ያስደገሙት እሳቸው እንደ ሆኑ ከይመኙሻል ሰምታለች። በግቢው ውስጥ እሳቸው ሲናገሩ ዝም የማይል የለም። ሄዳ እጃቸውን ሳመችና ወረቀቱን በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። "የኔታ፣ እርስዎ ያንብቡልኝ። እኔን እዚህ ያለው ሰው አያውቀኝም።"

መሪጌታ መነጽራቸውን አደረጉ። የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ለራሳቸው አነበቡ። እጃቸውን ሲያነሡ ለቅሶው ቀስ በቀስ ቆመ።

"ለውድ እናቴ ለወይዘሮ ይመኙሻል" ብለው ጀመሩ። "ለጤናሽ እንደምን ከርመሽልኛል? ምነው ሰላም ሳትይኝ ጻፍሽ? እኔ አምላክ ይክበር ይመስገን፣ ከናፍቆትሽ በስተቀር ምንም አልሆንኩም።"

"ይክበር ይመስገን" አለ ከኋላ አንድ ሰው፤ ልማድ ሆኖበት።

"አጎቴ አያ ትእዛዙ እንደምን አሉ? በበቅሎዋ ምክንያት የተሰበረው ጣታቸው ዳነ? ኮቴን ይተዉልኝ በያቸው።"

ስለዚያች በቅሎ ሰቆጣ ላይ የሚያውቅ ሰው የለም። አቶ ትእዛዙ ዱላቸውን ለቀቁት። "ድኗል" አሉ፤ አልጋው ላይ ላለው ኮት። "ድኗል፣ ልጄ።"

መሪጌታ ቀጠሉ። ጌታሰው መንደሩን በሙሉ በየስሙ ጠርቶ ሰላም ብሎ ነበር፤ እንደ ወጉ፣ አንድም ሳያስቀር። የተጠራው ሁሉ ሊያለቅስበት በመጣበት ግቢ ቆሞ "ደህና ነኝ፣ አምላክ ይመስገን" እያለ መለሰለት። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ያለቅሳል። ይመኙሻል ኮቱን ከአልጋው አንሥተው ደረታቸው ላይ ያዙት። ዘመናይ በሕይወቷ ያን ያህል ደስ ብሏት አታውቅም።

"አባቴስ እንደምን አለ?" ብለው መሪጌታ አነበቡ። ቀጥሎ ያለውን አይተው ቀስ ብለው ጨረሱት። "በደብዳቤሽ ስሙን አጣሁት። ጫማ ልልክለት ነውና የእግሩን ቁጥር ጻፊልኝ።"

ለዚህ ሰላምታ የመለሰ ሰው አልነበረም።

ይመኙሻል ቀና ብለው ዘመናይን ፈለጓት። "ያ ደብተርሽ አለ?"

"አለ፣ እናቴ። ይዤዋለሁ።"

"ጂዳ ያለ የኛ ሰው ፈልጊ። ትልቅ ሰው ይሁን፣ የቀበረ፣ ያወቀ።"

ዘመናይ እርጥብ ጣቷን በገጾቹ ላይ አስኬደች። "እንዳለው የሚባል አለ። የሰሃላ ሰው ነው። ከሁሉም በዕድሜ ይበልጣል። ጌታሰው ደግሞ ሰፈሩን በደብዳቤው ጽፎታል።"

"ለእሱ ጻፊ። ጎሕ ሲቀድ ይሂድበት። ብቻውን አይሂድ፤ ሦስት ሆነው ይሂዱ። ሥራ ከመግባቱ በፊት፣ ተቀምጦ ሳለ ይንገሩት። ካለቀሰ በኋላ ጥለውት እንዳይሄዱ። ይህን ሁሉ ጻፊ።" ኮቱን አጥፈው ክንዳቸው ላይ አደረጉት። "ሰላምታውን ደግሞ አስቀድሚ። የሰው ልጅ አደራ ልንጥልበት ነው።"

ዘመናይ ሰኞ ሰቆጣ ደርሳ እንደ ታዘዘችው ጻፈች፤ ሙሉ ሰላምታ፣ ከነቤተሰቡ ጤና። አስተላላፊው ወሰደላት። አረንጓዴው ቃል መጣ፤ ዘመናይ ግን ገና እንዳልደረሰ ታውቅ ነበር። ለጌታሰው ያን ሳምንት ምንም አልጻፉለትም። በየቀኑ ሁለቱንም ክፍል እየከፈተች ትጠብቅ ነበር፤ የደብዳቤውንም የቆሻሻውንም።

በዘጠነኛው ቀን የእንዳለው መልስ መጣ። ከሰላምታው በኋላ እንዲህ ይላል፦ "ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ከሁለት የአገራችን ሰዎች ጋር ሄድን። ነገርነው። አልቅሷል። ሦስት ቀን አብረነው እንቀመጣለን። ጫማውን ቁጥሩ ሳይመጣለት ቀድሞ ገዝቶት ኖሯል፤ አርባ ሁለት ነው።"

ዘመናይ ይህንንም በእጇ ገለበጠችው፤ አጣጥፋም ወደ ደሃና ለሚወጣው የአይሱዙ ሹፌር ለመሪጌታ ገብረ ሊባኖስ እንዲያደርስ ሰጠችው።